ባሕሩን ከታምራት የወሰድኩበት ቅዳሜ

ቅናት ከትልቅ ነገር የሚጀምር ይመስላችኋል? የእኔ የጀመረው ከጠመኔ ነው። በመምህራን ቀን ተማሪዎቻችን ተሰልፈው መጡና ለታምራት በወላይታ የባህል ጥለት፣ በዱንጉዛ፣ የተሠራ ስካርፍ አንገቱ ላይ ጠመጠሙለት፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር፣ ገና የሱቅ ሽታው ያልለቀቀው። ጭብጨባው ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና አንድ ፓኮ ባለ ቀለም ጠመኔ ሰጡኝ። «ቲቸር ቤዛ ጠመኔ ይወዳሉ ብለን ነው» አለችኝ ተወካያቸው። እውነቷን ነው፤ እወዳለሁ። ግን ስካርፍም እወዳለሁ።

የምነግራችሁ ነገር የሆነው በአንድ ቅዳሜ፣ ከጠዋት እስከ ቀትር ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት ግን ማን እንደነበርኩ ላስረዳ፤ ሳላስረዳ መቀጠል አልችልም፣ ጠባዬ ነው።

ሶዶ ተወልጄ ሶዶ ያደግሁ የፊዚክስ መምህርት ነኝ። አያቴ ለሥራ ከሰሜን መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ስለነበሩ ቤታችን ውስጥ የሚነገረው አማርኛ ነው። ወላይትኛ እሰማለሁ፤ ስናገረው ግን ተማሪዎቼ አንገታቸውን ደፍተው ስለሚስቁ ክፍል ውስጥ አልደፍረውም ነበር። ሰሌዳዬን ለሦስት እከፍላለሁ፦ ግራው ለአዳዲስ ቃላት፣ መሐሉ ለማብራሪያ፣ ቀኙ ለጥያቄ። ያለ ዕቅድ ገብቼ አላውቅም ነበር፤ ደወል ሳይደወል ወጥቼም አላውቅም ነበር። ጥሩ አስተማሪ መሆኔን አውቅ ነበር። የሚያውቅልኝ ሰው ነበር የሚጎድለኝ።

ታምራት የመጣው ከእኔ በኋላ ነው። የአረካ ልጅ ነው፤ እሱም ፊዚክስ። ገና ከበሩ ሲገባ የመምህራን ክፍሉ ይስቃል፤ ምን እንዳለ እንኳ ሳይሰማ የሚስቅ ሰው አለ። ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ ይጀምራል፣ በአማርኛ ያብራራል፣ በወላይትኛ ይቀልዳል። ግድግዳ ስለምንጋራ ቀልዱ እኔ ክፍል ድረስ ይመጣል። የእኔ ተማሪዎች በእኔ ትምህርት መሐል በእሱ ቀልድ ይስቃሉ። ከሁሉም የሚያናድደኝ፣ ቀልዱ የሚገባኝ መሆኑና የሚያስቅ መሆኑ ነበር። ከንፈሬን ነክሼ ወደ ሰሌዳው እዞራለሁ።

እሱ ግን በእኔ ላይ አንድም ክፉ ነገር አላደረገም። «ቤዚ፣ እስቲ ይህቺን ነገር አስረጂኝ» እያለ ይመጣል፤ አስረዳዋለሁ፤ «አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን ነበር?» ይላል። ክፉ ቢሆን ኖሮ እጠላውና እገላገል ነበር።

እንዲህ ባለንበት ጊዜ ነው ማስታወቂያው የመጣው። ለሳይንስ መምህራን የተዘጋጀ የባሕር ሳይንስ ሥልጠና፣ ሞምባሳ፣ ኬንያ። ከትምህርት ቤታችን አንድ ሰው ብቻ። የሚመረጠው በማስተማር ውድድር ነው፤ ርዕሱንም ራሳቸው ሰጥተዋል፦ ድምፅ በጥልቅ ባሕር ውስጥ ረጅም ርቀት የሚጓዘው እንዴት ነው?

አንባቢዎቼ፣ እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም ነበር። በሕይወቴ ያየሁት ትልቁ ውኃ ዳሞት ተራራ ላይ ወጥቼ፣ ሰማዩ ሲጠራ ከሩቅ የማየው አባያ ነው። ስለ ሞገድ የማስተምረው በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ነው። ሳፋውን በጣቴ ነካ አድርጌ «ባሕርን እንዲህ አስቡት» ስል፣ ውስጤ ሁልጊዜ «አንቺስ አስበሽው ታውቂያለሽ?» ይለኛል። ማስታወቂያውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከኋላዬ የታምራት ድምፅ መጣ፦ «ቤዚ! ሞምባሳ! እኔና አንቺ እንወዳደር እንዴ?»

ሌላ ማንም አልተመዘገበም።

አሁን ርዕሱን ላስረዳችሁ፤ ያለዚያ ቀጥሎ የሚመጣው አይገባችሁም። ድምፅ ውኃ ውስጥ ከአየር ይልቅ ከአራት እጥፍ በላይ ይፈጥናል። ፍጥነቱ ግን በየቦታው አንድ አይደለም። ላይኛው ውኃ በፀሐይ ስለሚሞቅ ድምፅ እዚያ ይፈጥናል። ወደ ታች ሲኬድ ውኃው እየቀዘቀዘ ይሄዳል፤ ድምፅም እየዘገየ ይመጣል። ከዚያም በታች ቅዝቃዜው ብዙም አይለወጥም፤ የውኃው ክብደት ግን እየተደራረበ ይጫናል፤ በዚህ ግፊት ምክንያት ድምፅ እንደገና ይፈጥናል። ስለዚህ ከላይ ፈጣን፣ ከታች ፈጣን፣ መሐል ላይ ዘገምተኛ የሆነ ንብርብር አለ። ድምፅ ደግሞ ሁልጊዜ ወደሚዘገይበት በኩል ይታጠፋል። ከመሐሉ ወደ ላይ ያመለጠው ወደ ታች ይመለሳል፤ ወደ ታች ያመለጠውም ወደ ላይ። የባሕሩን ወለል ሳይነካ፣ ከገጹም ጋር ሳይላተም፣ በዚያ ንብርብር ውስጥ እየተጠማዘዘ ሺህ ኪሎ ሜትሮችን ያቋርጣል። ወደ ላይና ወደ ታች ተበትኖ ስለማይባክን ነው ሩቅ የሚደርሰው። ጉዳዩ ይኸው ነው። ሩቅ የሚያደርሰው ዘገምተኛው መንገድ ነው፤ ይህን ልብ በሉልኝ።

ቅዳሜ ጠዋት መሬቱ ዝናብ ጠጥቶ ነበር። አንድ የአሥረኛ ክፍል ምድብ ብቻ ስለተጠራ ሁለታችንም የምናስተምረው እነዚያኑ ልጆች ነው። ዳኞቹ ሦስት ናቸው፤ ሰብሳቢያቸው ምክትል ርዕሰ መምህራችን አቶ ጴጥሮስ፣ ሰው ማስቀየም ከምንም በላይ የሚፈሩ ሽማግሌ። የተጠቀለለ ወረቀት በባርኔጣቸው ውስጥ አቀረቡልን። ታምራት «እመቤቶች ይቅደሙ» አለ። አነሳሁ። ሁለተኛ።

ሁለተኛ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ይግባችሁ። እሱ ርዕሱን ጨርሶ፣ ልጆቹን አስቆ፣ ዳኞቹን አጥግቦ ከወጣ በኋላ፣ እኔ ያንኑ ነገር ለእነዚያው ልጆች ልደግም ነው።

ከኋላ ተቀመጥኩ። ታምራት ገባ። ሰሌዳውን ለሦስት አልከፈለም፤ ለምንም አልከፈለም። መሐሉ ላይ አንድ ትልቅ ዓሣ ነባሪ ሣለና አፉን ፈገግ አደረገው። ክፍሉ ሳቀ።

«ይህ ዓሣ ነባሪ እናቱ ሞምባሳ ናት፣ እሱ ሕንድ ነው ያለው። ስልኩ ካርድ የለውም። ምን ያድርግ?»

«ይጩህ!» አሉ ልጆቹ።

«ይሰማል?»

ግማሹ ይሰማል፣ ግማሹ አይሰማም አለ። አንዱ ከጥግ «ቲቸር፣ ሚስድ ኮል ያድርግ» ብሎ ጮኸ። አቶ ጴጥሮስ እንኳ መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ለምን ለእኔ አልመጣልኝም እያልኩ ነበር።

ከዚያ ታምራት ስለ ሙቀቱና ስለ ግፊቱ ተናገረ፤ ትክክል ነበር። ሦስቱን ንብርብሮች ሣለ፤ ትክክል ነበር። መጨረሻ ላይ እጆቹን አፋተገና «ከዚህ ቦዲቲ በጭቃ መንገድ መሄድና በአስፋልት መሄድ አንድ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«አይደለም!»

«እንግዲያው ባሕርም ውስጥ አስፋልት አለ! መሐሉ ላይ! ድምፅ እዚያ ሲገባ እንደ ሚኒባስ ሹፌር ይበራል። ሩቅ የሚደርሰውም ለዚህ ነው!»

ጭብጨባው ፈነዳ። እኔ ግን ቀጥ አልኩ። ስህተት ነው! መሐሉ ከሁሉም የሚዘገይበት ነው። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚያው ላይ ነው፤ ሩቅ የደረሰ ሁሉ ፈጥኖ የሄደ ይመስለናል። ልጆቹ «አስፋልት» ብለው በደብተራቸው ሲጽፉ አየሁ። ደስ አለኝ፤ ልዋሻችሁ አልፈልግም። ከዱንጉዛው ቀን ጀምሮ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በእረፍት ሰዓት ታምራት ሻይ ይዞልኝ መጣ። «እንዴት ነበር?»

«የዓሣ ነባሪው ጥያቄ ግሩም ነው» አልኩት።

«አስፋልቱስ?»

«አስፋልቱን ልጆቹ ወደውታል።» ሻዩን ጠጣሁ። ተወዳዳሪዬ ነው፤ ከዚህ የበለጠ ልነግረው አይገባኝም ነበር፤ ዛሬም እንደዚያው አስባለሁ።

ደወሉ ተደወለ። ክፍል ገባሁ። ሰሌዳው ላይ የእሱ ዓሣ ነባሪ ፈገግ ብሎ ያየኛል። ዳስተሩን አነሳሁ፤ ላጠፋው ስል ልጆቹ «ኧረ ቲቸር፣ ይቅር!» ብለው ተንጫጩ። ያዘጋጀሁት ሁሉ፣ ሥዕሉም ሰንጠረዡም፣ እሱ የነገራቸውን መድገም ሆኖ ታየኝ። ክፍል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ዕቅድ የቆምኩት ያን ቀን ነው። ዳስተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ «ተነሱ፤ ወደ ሜዳ ውጡ» አልኩ።

ልጆቹ ተያዩ። እኔ ተማሪ ወደ ሜዳ አውጥቼ አላውቅም ነበር። አቶ ጴጥሮስ «ጭቃ ነው እኮ ቲቸር» አሉ።

«ግድ የለም።»

ሜዳው ላይ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው አንድ ረጅም ሰልፍ እንዲሠሩ አደረግሁ፤ ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ በዓል፣ ሲጨፍሩ እንደሚያያዙት። «እናንተ ድምፅ ናችሁ» አልኳቸው። «ግራ ጫፍ ያላችሁ ላይኛው ውኃ ውስጥ ናችሁ፤ ፈጣን። ቀኝ ጫፍ ያላችሁ ታችኛው ውኃ ውስጥ፤ እናንተም ፈጣን። መሐል ያላችሁ ቀስ ብላችሁ ትራመዳላችሁ።»

ከጫጫታው የተነሳ አልሰሙኝም። እንደገና ጮህኩ፤ አልሰሙም። በዚያን ጊዜ ሳላስበው በወላይትኛ ወጣልኝ፦ ዳሮቹ ፍጠኑ፣ መሐሎቹ ቀስ በሉ፣ እጃችሁን እንዳትለቁ! ሳቁ፤ እንደ ሁልጊዜው አነጋገሬ አሳቃቸው። ግን አንገታቸውን አልደፉም፤ እያዩኝ ነበር የሚስቁት። አንዱ የጊፋታ ዘፈን አነሳ፤ ሌሎቹ ተቀበሉት፤ ሰልፉም በዜማው ተነቃነቀ።

የሆነውን በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉት። ሁለቱ ዳሮች ቀድመው ወጡ፤ መሐሉ ወደ ኋላ ቀረ። እጃቸውን ስላልለቀቁ ዳሮቹ ቀጥ ብለው መሄድ አልቻሉም። ግራው ወደ ቀኝ ታጠፈ፣ ቀኙ ወደ ግራ፤ ሁለቱም ወደ መሐል እየተጠመዘዙ፣ በዘገምተኞቹ ፊት ለፊት ተገናኝተው ተላተሙ። ጭቃው ውስጥ የወደቀ ነበር። ዘፈኑ በሳቅ ተቋረጠ።

«ወደ የት ታጠፋችሁ?» አልኩ።

«ወደ መሐል!»

«መሐሉ ፈጣን ነው ዘገምተኛ?»

«ዘገምተኛ!» ብለው ጮኹ፤ ወዲያው ግን እርስ በርስ ተያዩ። የዱንጉዛው ቀን ጠመኔ የሰጠችኝ አስቴር፣ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆኖ፣ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ቅድም አስፋልት ነው ተባልን። አሁን ቀስ የሚለው ነው ተባልን። ታዲያ ቲቸር ታምራት ተሳሳቱ?»

ዳኞቹ ቆመው ይሰማሉ። ታምራትም በረንዳው ላይ ሻይ ይዞ ቆሟል። አፌ ውስጥ «አዎ» የሚለው ቃል እንደ ከረሜላ ጣፈጠኝ። ቀስ ብዬ ላወጣው ስዘጋጅ እሱ ቀደመኝ።

«ተሳስቻለሁ እንጂ!» አለ ከበረንዳው ላይ፣ ግንባሩን እየመታ። «አስፋልቱን አንሱት! ጭቃ መንገድ ነው!» ብርጭቆውን አስቀምጦ እየሮጠ መጣና ሰልፉ መሐል ገባ። «እኔን እዚህ አድርጉኝ። ቀርፋፋ እኔ ነኝ።»

ልጆቹ በሳቅ ተንከባለሉ፤ ተጠመጠሙበት። በቃ። ስህተቱም ስካርፍ ሆነለት። እኔ ልክ ሆኜ ብቻዬን ሜዳው ዳር ቆሜያለሁ፤ እሱ ተሳስቶ መሐላቸው ነው። የተሰማኝን ነገር ስሙን እነግራችሁ ዘንድ አያስፈልግም።

ዳኞቹ ገቡ፤ ቆዩ። ሲወጡ አቶ ጴጥሮስ ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያዞሩ ነበር።

«ልጆቼ፣ ሁለታችሁም አኮራችሁን። እሱ ልጆቹን ይዟቸዋል፤ እሷ ትምህርቱን ይዛዋለች። እኛ አንዳችሁን ጥለን አንዳችሁን ብናነሳ ነገ አንድ የመምህራን ክፍል ውስጥ እንዴት ትውላላችሁ? ስለዚህ ተነጋገሩና ተስማምታችሁ አንድ ስም አምጡልን። እኛ እሱን እንጽፋለን።»

«እኛ ራሳችን?» አልኩ።

«እናንተ ራሳችሁ። ወንድምና እህት አይደላችሁ?»

ግቢው ጥግ ካለው የግራቪሊያ ዛፍ ሥር ሄድን። ቅጠሉ ገና ያንጠባጥባል። ታምራት ጫማውን በእንጨት እየጠረገ ቆየና፣ ቀና ብሎ፣ በዚያ ሰው ሁሉ በሚወደው ፈገግታው፦

«ቤዚ፣ አንቺ ሂጂ» አለኝ።

እዚህ ላይ ላቁምና ላስረዳ፤ ምናልባት ይህን የሚያነብ የሌላ አገር ሰው ቢኖር። እኛ ዘንድ «አንቺ ሂጂ» የመጀመሪያው ቃል እንጂ የመጨረሻው አይደለም። ባጃጅ ውስጥ ሁለት ሰው «እኔ እከፍላለሁ» ሲባባል አይታችኋል። ቤት የገባ እንግዳ «ብላ» ሲባል «አሁን ነው የበላሁት» ይላል፤ ይህ ማለት አልበላም ማለት አይደለም። «አንቺ ሂጂ» ሲባል ደንቡ «ኧረ በፍጹም! አንተ ሂድ» ማለት ነው። እሱ «አይሆንም፣ አንቺ» ይላል። እኔ «በእግዜር ይዤሃለሁ» እላለሁ። እንዲህ እየተባባልን እንቆይና፣ መጨረሻ ላይ ይበልጥ የለመነው አሸንፎ፣ የተለመነው «እንግዲህ እምቢ ካልሽ» ብሎ እያፈረ ይቀበላል። ታምራት ሲለምኑት ቶሎ የሚሸነፍ ሰው ነው። እኔ ደግሞ ይሉኝታ ያለብኝ፣ ሥርዓት የማውቅ ሴት ነኝ። ሁለታችንም ጨዋታው የት እንደሚያልቅ እናውቅ ነበር፦ ሞምባሳ የሚሄደው እሱ ነው።

ዓይኖቹን አየሁ። ተራውን ሰጥቶኝ የእኔን «ኧረ በፍጹም» እየጠበቀ ነበር። በዚያ ቅጽበት ያ ሁሉ ሳቅ፣ ያ ሁሉ ጭብጨባ፣ በግድግዳው በኩል የመጣብኝ ሁሉ ደረቴ ላይ ተሰበሰበ። አሁን ደግሞ ባሕሩን በገዛ አፌ ልሰጠው ነው፤ ያውም ለምኜው!

«እሺ» አልኩት።

«እ?»

«እሺ፤ እሄዳለሁ። አመሰግናለሁ።»

ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ፤ ከሥሩ ግን ሌላ ፊት ወጣ። «አ… አዎ። ጥሩ ነው» አለ። ጆሮው ቀልቶ ነበር። እንጨቱን ጣለና እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። «እኔም… እኔም እኮ በጣም እፈልገው ነበር» አለ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ የሚናገር ይመስል።

«አውቃለሁ» አልኩት። «እኔም እፈልገዋለሁ።»

ሄጄ ለአቶ ጴጥሮስ ስሜን ሰጠሁ። «ተስማማችሁ?» አሉ። «ተስማማን» አለ ከኋላዬ ታምራት። አልካደም። ይህን ሁልጊዜ አስታውስለታለሁ።

ነገሩ እዚያ ያለቀ እንዳይመስላችሁ። ሰኞ የመምህራን ክፍል ስገባ ወሬው ቀድሞኛል፦ «ታሜ ለቀቀላት። እንዲህ ያለ ልብ የት ይገኛል?» እኔ ባሕሩን አገኘሁ፣ ምስጋናውን ደግሞ እሱ። አንዷ መምህርት «አንድ ጊዜ እንኳ እምቢ አላልሽም አሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። «አላልኩም» አልኳት። ታምራት ግን ለብዙ ቀናት ለጥያቄ ወደ እኔ አልመጣም። ግድግዳውም ጸጥ አለ። ጸጥታውን እንዳሰብኩት አልወደድኩትም።

ሄድኩ። ባሕሩን አየሁት፤ ስለ ስፋቱ ላስረዳችሁ ሞክሬ ሰረዝኩት፤ ያቃተኝ ማብራሪያ ያ ነው። አንድ ቀን በጀልባ ወስደውን ከባሕሩ ዳርቻ ርቀን የውኃ ውስጥ ማይክሮፎን በረጅም ገመድ አወረድን። ገመዳችን ያ ዘገምተኛ ንብርብር ድረስ አይደርስም፤ እሱ በሞቃት አገር ባሕር ውስጥ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ነው። ቢሆንም ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሳደርግ በዓይን የማይታይ መርከብ ሞተር ሰማሁ፤ ከአድማስ ወዲያ የሆነ። ከሥሩ ደግሞ ረጅም፣ እየወረደ የሚሄድ፣ ቆሞ እንደገና የሚጀምር ድምፅ። አሠልጣኛችን ጣቱን አነሳ፤ ዓሣ ነባሪ።

አለቀስኩ። ወዲያውም ማን ትዝ እንዳለኝ ገምቱ። ድምፁን በስልኬ ቀድቼ፣ ወደብ ስንደርስ በቴሌግራም ለታምራት ላክሁለት፤ ያለ አንድ ቃል።

አንባቢዎቼ፣ ያ ቅዳሜ ምን ለወጠብኝ ብላችሁ ብትጠይቁኝ ቅናቴን አላዳነልኝም። ዛሬም በግድግዳው በኩል ሳቅ ሲመጣ ጠመኔዬን አጥብቄ እይዛለሁ። የተለወጠው ሌላ ነው። ከዚያ በፊት የምፈልገውን ነገር ሰው እንዲገምትልኝ፣ ለምኖ እንዲሰጠኝ እጠብቅ ነበር፤ ሳይሰጠኝ ሲቀር ለተሰጠው ሰው እቃጠላለሁ። አሁን «እፈልገዋለሁ» እላለሁ። አንዳንዴ አገኛለሁ፤ አንዳንዴ «ደፋር ናት» ይሉኛል። ተማሪዎቼንም ወደ ሜዳ አወጣለሁ፤ ወላይትኛዬ አሁንም ያስቃቸዋል፤ ይሳቁ።

ያን ቀን ከሞምባሳ የላክሁለትን ድምፅ ታምራት ወዲያው ከፍቶት ነበር፤ መልስ ግን አልመጣም። ወደ ማደሪያዬ ስገባ ስልኬ ጮኸ። ከእሱ ነው። ቀልድ አልነበረበትም፤ «ቤዚ»ም የለበትም። አንድ ቃል ብቻ ነበር።

«ቀናሁ።»

ረጅም መልስ መጻፍ ጀመርኩ፤ ከመጀመሪያ ቀን ጀምሮ፣ በቅደም ተከተል፣ ምክንያት በምክንያት። ጽፌ ጽፌ ሁሉንም አጠፋሁት። ከዚያ «እኔም» ብዬ ላክሁለት።